«ወጪና ኪሳራ»፦ የከሰሩ ነጋዴዎችን መዝገብ በቃላት ዱካ መፈለግ

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎች መጨረሻ ላይ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» የሚል። ፍችው ግልጽ ነው። ለዳኝነት፣ ለጠበቃና ለምስክር የወጣውን ገንዘብ አንዱ ወገን ከሌላው አይጠይቅ ማለት ነው። የንግድ ውድቀትን ታሪክ ሊጽፍ ለተነሣ ሰው ግን ይህ ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያው መሰናክል ይሆንበታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየቅጹ ያሳተማቸውን የሰበር ውሳኔዎች ይዞ «ኪሳራ» የሚለውን ቃል ቢፈልግ፣ የፍቺ፣ የድንበር፣ የደመወዝና የውርስ ክርክሮች ተከታትለው ይመጡለታል። በአብዛኞቹ ውስጥ የከሰረ ሰው የለም፤ ያለው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው። በአንጻሩ ሱቁ የተዘጋበት፣ ቤቱ የተሸጠበት፣ ለዋሱ ዕዳ አውርሶ የጠፋ ነጋዴ በሚገኝበት መዝገብ ውስጥ ቃሉ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል።

ነገሩ የመዝገብ አያያዝ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የቃሉ የራሱ ታሪክ ነው። «ኪሳራ» ከዐረብኛ የመጣ የንግድ ቃል ነው፤ መነሻ ትርጉሙም ጉድለት፣ የትርፍ ተቃራኒ ማለት ነው። በትግርኛ «ክሳራ»፣ በኦሮምኛ «ከሳራ»፣ በሶማሊኛ «ኸሳሮ» እየተባለ በቀንዱ አገሮች ገበያ ሁሉ ተሰራጭቷል። ስዋሂሊም ይህንኑ ቃል «ሀሳራ» ብሎ ወስዶታል፤ ነገር ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ዕዳውን መክፈል አቅቶት የወደቀውን ሰው ለመጥራት ሌላ የዐረብኛ ቃል፣ ማለትም በእስልምና ሕግ «ሙፍሊስ» ከሚባለው ጋር ሥሩ አንድ የሆነውን «ፊሊሲ» ጨምሮ ያዘ፤ «ኩፊሊሲካ» ማለት መክሰር፣ በዕዳ መውደቅ ነው። ስለዚህ በሞምባሳ ወይም በዛንዚባር በአንድ ሸቀጥ ላይ መጉደል ሌላ፣ በሕግ ፊት መውደቅ ሌላ ቃል አለው። አማርኛ ሁለቱንም ሸክም በአንድ አህያ ጫነ። በአንድ ኩንታል ጤፍ ላይ ጥቂት ብር የጎደለበትም «ከሰረ»፤ ድርጅቱ በፍርድ የፈረሰበትም «ከሰረ»። በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ የሙግት ወጪን በዚሁ ስም ጠራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የግእዙ «ኀሳር»፣ መዋረድና መጎሳቆል ማለት ሲሆን፣ ከዐረብኛው ሥር ጋር የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል። ያ ቃል በአማርኛ «አሳር» ሆኖ ይኖራል። እናም ሰው ሱቁ ሲዘጋበት ከባሕር ማዶ በመጣው ቃል ከስሮ፣ ከአባቶቹ በወረሰው ቃል አሳሩን ያያል። የመጀመሪያው ወደ ችሎት ሲገባ ሁለተኛው ከደጅ ቀርቷል።

ከዘመናዊው ሕግ በፊት ለነበረው ጊዜ የተለየ መንገድ ያስፈልጋል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚናገር ቢሆንም፣ የተራው ባለዕዳ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በአካባቢ ዳኝነትና በዋስ ነበር። ባለዕዳው መክፈል ሲያቅተው ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት እጅ ለእጅ መታሰሩ፣ ማለትም ቁራኛ መሆኑ፣ በየዘመኑ አገሪቱን ያዩ መንገደኞች ደጋግመው የጻፉት ነገር ነው። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፤ ባለገንዘቡም የመብቱን ያህል ነጻነቱን ያጣል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ወረቀት አልፈለገም፤ ገበያ የወጣ ሁሉ ማን የማን ባለዕዳ እንደ ሆነ በዓይኑ ያያልና። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ሲባል፣ ወይም በሁለት ነገሮች መካከል «ቁርኝት አለ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ያ የዕዳ ሰንሰለት ከቃሉ ውስጥ እንዳለ የሚያስታውስ ጸሐፊ ጥቂት ነው።

በጽሑፍ የቀረው ዱካ ያለው ከመሬት ጋር ነው። የጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በወንጌልና በሌሎች መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ሽያጭን ከነምስክሮቹና ከነዋሶቹ አስፍረዋል፤ ዶናልድ ክረሚ የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪኩን ሲጽፍ የተጠቀመባቸው እነዚህን ነው። በእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ «ሸጠ» የሚለውን እንጂ «ከሰረ» የሚለውን መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ለምን እንደ ሸጠ የሚጠቁመው፣ ካለ፣ ከጎኑ የሚጻፈው ዕዳ ነው። በኋለኛው ዘመን ደግሞ «ወለድ አግድ» የሚለው ውል ይመጣል። ተበዳሪው መሬቱን ያስረክባል፣ አበዳሪው በወለዱ ፋንታ ምርቱን ይበላል፣ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ድረስም መሬቱ አይመለስም። ብዙ ገበሬ የከሰረው በዚህ መንገድ፣ አንድም ቀን ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ሳይባል ነው። ልጆቹ ከብዙ ዓመት በኋላ «መሬቱ ወለድ አግድ ነበር እንጂ አልተሸጠም» ብለው ሲከሱ ግን የአባትየው ውድቀት በልጆቹ ክርክር ውስጥ ብቅ ይላል።

በቀይ ባሕር ዳርቻ ሁኔታው ይለያል። የምጽዋ የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገቦች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1860ዎቹ ጀምሮ ያሉት፣ የዕዳን፣ የሽርክናን፣ የውክልናንና የውርስን ጉዳይ በዐረብኛ ይዘዋል፤ ጆናታን ሚራን ስለ ከተማዋ ነጋዴዎች ባሳተመው ጥናት ምን ያህል ሊነበብባቸው እንደሚችል አሳይቷል። በዚህ ዓይነት መዝገብ ነጋዴው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከሞተ በኋላ ነው። ወራሾቹ ይሰበሰባሉ፣ ንብረቱ ይቆጠራል፣ ባለገንዘቦች ይቀርባሉ፤ የተረፈው ከዕዳው ማነሱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የውርስ መዝገብን ትቶ የንግድ ክርክርን ብቻ የሚፈልግ ሰው ዋናውን ያልፈዋል።

ከዚያ የባቡሩ ነገር አለ። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት በፓሪስ የተቋቋመው የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከሆነችው ስፍራ አደረሰ፤ በዚያም ገንዘቡ አለቀና ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ሥራውን የቀጠለው በ1900 ዓ.ም. በተሰጠ አዲስ ፈቃድ የተመሠረተ ሌላ ኩባንያ ሲሆን፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ኪሳራው የኢትዮጵያ ታሪክ ነው፤ ወረቀቱ ግን በፈረንሳይ አገር፣ በፈረንሳይኛ፣ በፈረንሳይ ሕግ የተጻፈ ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውልም የውጭ ዜጎችን ክርክር ከተራው ዳኝነት አወጣ። ኢትዮጵያዊና ፈረንጅ ሲካሰሱ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሉ ጋር እንዲያይ፣ ፈረንሳውያን እርስ በርስ ሲካሰሱ ደግሞ በቆንስላቸው እንዲዳኙ ተደረገ። የሌሎች መንግሥታት ዜጎችም በዚሁ መብት ተጠቀሙ። ከዚህ የተነሣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዐረብ ነጋዴዎች ዕዳ የአንዱ ወገን ወረቀት በአገር ውስጥ፣ የሌላው ወገን በናንትና በለንደን ቤተ መዛግብት ተከፋፍሎ ቀረ። ሁለቱን ለማገናኘት የሚሞክር ሰው ሁለት ነገሮች ይፈታተኑታል። አንደኛው የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱ የዘመን ልዩነት ነው። ሁለተኛው፣ ይበልጥ የሚያደክመው፣ ስም ነው። የአገሩ ጸሐፊ ሰውን በራሱ ስም ይመዘግባል፤ የቆንስላው ጸሐፊ በቤተሰብ ስሙ። አንዱ ነጋዴ በአንዱ መዝገብ መጀመሪያ ላይ፣ በሌላው መጨረሻ ላይ ይገኛል።

የኪሳራ ሕግ ራሱን ችሎ የወጣው በ1925 ዓ.ም. ነው፤ ከማኅበራት ሕግ ጋር በአንድ ዓመት። ሁለቱንም የተካው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ዣን ኤስካራ ጀምሮት ከእርሱ ሞት በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽሞታል። አምስተኛው መጽሐፍ፣ ከቁጥር 968 ጀምሮ፣ ስለ መክሰር በሰፊው ይደነግግ ነበር። ጉዳዩም በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲታይ ተወሰነ። ሕጉ ሙሉ ነበር፤ ደንበኛ ግን አልበዛለትም። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትላልቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ፣ የሚወድቅ ድርጅት ወደ ዳኛ ሳይሆን ወደ ሚኒስቴር የሚሄድ ሆነ። የግል ባንክ ከተፈቀደ በኋላም ሌላ በር ተከፈተ። በባንክ በመያዣ ስለ ተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ አስቻለው። ዋናው ባለገንዘብ ባንክ ከሆነ፣ ባንክም ዳኛ ካላስፈለገው፣ የኪሳራ መዝገብ የሚከፍት ማን ይቀራል? በጎረቤት ኬንያ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የከሰረው ሰው ስም በመንግሥቱ ጋዜጣ ይታወጅ ነበርና፣ ተመራማሪው ጥራዞቹን በመግለጥ ሊጀምር ይችላል። «በኢትዮጵያ ነጋዴ እምብዛም አይከስርም» የሚለው መደምደሚያ ከዚህ ልዩነት የመጣ እንጂ ከገበያው የመጣ አይደለም።

ታዲያ ሊፈለግ የሚገባው የት ነው? ከሁሉ የበለጸገው የአፈፃፀም መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ሰዎቹ ስማቸው ተለውጧል፤ ከሳሽና ተከሳሽ የነበሩት «የፍርድ ባለመብት» እና «የፍርድ ባለዕዳ» ይባላሉ። ክርክሩ አብቅቶ የሚቀረው ገንዘቡን ማግኘት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሕግ ከሚያወራበት ይልቅ ዕቃ የሚቆጠርበት መዝገብ ነው። የተገኘው ንብረት በዝርዝር ይጻፋል፣ ይገመታል፣ የሐራጅ ማስታወቂያ ይወጣል፣ የተሸጠበት ዋጋ ይመዘገባል፣ ብዙ ባለመብቶች ካሉም ክፍፍሉ ይሰላል። ዝርዝሩን ሲያነቡ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሕጉ የባለዕዳውን የሙያ መሣሪያና ለቤተሰቡ የዕለት ኑሮ የሚያስፈልገውን ከመያዝ ስለሚጠብቅ፣ የተጻፈው ሊሸጥ የሚችለው እንጂ ሰውየው የነበረው ሁሉ አይደለም።

በዚሁ መዝገብ ውስጥ «በቁጥር 418 የቀረበ አቤቱታ» የሚል ወረቀት ከተገኘ ተመራማሪው ቆም ይበል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 ከክርክሩ ውጭ የሆነ ሰው «የተያዘው ንብረት የእኔ ነው» ብሎ የሚቃወምበት ነው። ሚስት «ቤቱ የጋራችን ነው፤ ብድሩን አላወቅሁም» የምትለው፣ ወንድም የአባቱን ድርሻ የሚጠይቀው፣ ሸሪክ ሸቀጡን የሚያስለቅቀው እዚህ ነው። በዋናው መዝገብ ላይ ስማቸው ያልተጠራ ሴቶች በራሳቸው አንደበት የሚናገሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ወረቀት ነው። ድርጅቱ የንግድ ማኅበር ከነበረ ደግሞ «ሒሳብ አጣሪ» የሚለውን ቃል መከተል ይጠቅማል፤ ብዙ ማኅበራት ከስረው ሳለ የፈረሱት በአባላት ስምምነት ወይም በክርክር ነውና፣ ወረቀታቸው በማጣራት ስም ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከመክሰር በፊት ዕዳን መልሶ ለማዋቀርና ድርጅትን መልሶ ለማደራጀት አዲስ ሥርዓት ስለ ዘረጋ፣ ከእንግዲህ ፈላጊው የሚያሳድዳቸው ቃላት ይበዛሉ።

የፊደሉ ነገርም ቀላል አይደለም። «ዕዳ» እና «እዳ»፣ «ሐራጅ»፣ «ሀራጅ» እና «ሃራጅ»፣ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»፣ «አፈፃፀም» እና «አፈጻጸም» በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሰው ሲያነብ ልዩነቱን አያስተውለውም፤ ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱን እንደ ሌላ ቃል ይቆጥረዋል። መዝገቡን ለማየት የሚጠይቅም የመረጃ ነጻነትን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ሊመካ ይችላል፤ ሬጅስትራሩ ግን ከአዋጁ ቁጥር በፊት የሚጠይቀው የመዝገቡን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ያለ ስም፣ ስሙንም ያለ ቁጥር ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ መጀመሪያ ከፍርድ ቤቱ ውጭ መዞር ግድ ይሆናል፤ ወደ ውልና ማስረጃ፣ ወደ ንግድ መዝገብ ስረዛ፣ ከሁሉም በላይ ወደ ጋዜጣ።

በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ላይ ባንኮች የሚያወጡት የሐራጅ ማስታወቂያ በሠንጠረዥ የተሠራ ነው። የተበዳሪው ስም በአንድ ዓምድ፣ የንብረት አስያዡ ስም በሚቀጥለው፣ ከዚያ ቤቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታው ቁጥር፣ የመነሻ ዋጋው፣ ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት። በብዙ መስመሮች አስያዡ ራሱ ተበዳሪው ነው። በሌሎቹ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ይገኛሉ፤ አንዳንዴ የአባታቸው ስም አንድ የሆነ፣ አንዳንዴ ተበዳሪው ድርጅት ሆኖ አስያዧ አንዲት ወይዘሮ የሆነች። ጥንት ዋስ ይባል የነበረው ሰው ዛሬ የሚታየው በዚህ ሁለተኛ ዓምድ ነው። ያው መስመር «ለሁለተኛ ጊዜ» ተብሎ በሌላ ቀን ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ ይጠፋል። ቤቱ ተሸጦ ይሁን፣ ዕዳው ተከፍሎ ይሁን፣ ወይም አስያዧ ፍርድ ቤት ሄዳ አሳግዳው ይሁን ጋዜጣው አይናገርም። ሦስቱም ግን የየራሳቸው ወረቀት አላቸው፤ የመጀመሪያው በይዞታ ጽሕፈት ቤት በስም ዝውውር፣ ሁለተኛው በባንኩ ማህደር፣ ሦስተኛው ደግሞ «እግድ» በሚለው ቃል በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይገኛል።