«ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ»

ሰሞኑን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ። ጂሲ ናት፤ ከቤተሰቦቿ በአውቶቡስ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቃ ነው የምትማረው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግርብኝ» አለች።

አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ከወር በላይ በሻርፕ ሸፍና ስትመላለስ ቆይታለች። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የእጢ ቲቢ ነው ተባለች። መድኃኒት ጀምራለች፤ ስድስት ወር ይወሰዳል። ሐኪሙ «ይህኛው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም፣ አትፍሪ» ብሏታል። እሷ ግን የዶርም ልጆች ቲቢ የሚለውን ቃል ከሰሙ ይሸሹኛል ብላ ክኒኑን ሽንት ቤት ገብታ ነው የምትውጠው። የመጀመሪያው ቀን ሽንቷ ቀልቶ ስታየው ደም መስሏት አልቅሳለች። መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ የነገራት ሰው አልነበረም። የመውጫ ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ባዶ ሆዷን መድኃኒት ውጣ ስፔስ ስትገባ ፊደሉ ይጠፋባታል።

ለምን ለእናቷ አልነገረችም? እናትና አባቷ ታላቅ እህቷ ከሪያድ በምትልከው ገንዘብ ምክንያት ከተኳረፉ ቆይተዋል። እናትየው ለልጆቹ ይቀመጥ ባይ ናት፤ አባትየው ቤት አስፋፍቶበታል። ማታ ማታ ሁለቱም ተራ በተራ ይደውሉላታል፤ አንዱ ሌላውን ይከስሳል፤ ዳኛዋ እሷ ናት። እህቷ በበኩሏ «አንቺ ስትመረቂ ነው እኔም ጓዜን ጠቅልዬ የምመጣው» ትላለች። «አሁን በዚህ ላይ ደግሞ ታመምኩ ልበል?» አለችኝ። «ሲደውሉ ደህና ነኝ እላለሁ፣ አለቀ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የአገራችንን የትምህርት ታሪክ ስናወራ የምንቆጥረው የትኛው ንጉሥ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ የትኛው መንግሥት ስንት ዩኒቨርሲቲ ሠራ የሚለውን ነው። ይቺ «ደህና ነኝ» የምትለው ቃል ግን የራሷ ታሪክ አላት። እስቲ ዛሬ እሷን እንከተላት።

የቆሎ ተማሪ «ደህና ነኝ» አይልም ነበር፤ የሚልበት መንገድም የለውም። ብዙው ልጅ ከቤት የሚወጣው ጠፍቶ ነው። አባት ከብት የሚጠብቅለትና የሚያርስለት ልጅ ይፈልጋል፤ ልጁ ፊደል ይፈልጋል፤ አንድ ሌሊት አኩፋዳና ደበሎውን ይዞ ይሰወራል። ወላጅ ተከትሎ እንዳያገኘው ወንዝ ይሻገራል፣ አገር ይለውጣል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ለቅኔ፤ ቤተልሔም ለድጓ። ሞቷል ተብሎ ከተለቀሰለት በኋላ መምህር ሆኖ የተመለሰ ልጅ ታሪክ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዚያ ዓለም የቤተሰብ ጣጣና የትምህርት ጣጣ አንድ ላይ አይገናኙም። ልጁ ቤቱን ጥሎ ነው ተማሪ የሆነው።

ይህንን ዘመን እንደ ወርቅ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ አላወራም። እከክ ነበር፣ ቅማል ነበር፣ ተስቦ ነበር፤ የመንደር ውሻም ነበር። በየጎጆው ታሞ የቀረውን ልጅ ማንም አልመዘገበውም። እኛ የምናውቀው መምህር ሆነው የወጡትን ብቻ ነው።

ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ፈተና ነበር፤ የፈተናው ቀን ግን አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያቃናለታል፤ ካልሆነለት ነገም ያቀርባል። ወር ታሞ ቢተኛ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ከመምህሩ ጋር ካልተስማማ ሌላ ደብር ይሄዳል። የንባብ፣ የዜማና የቅኔ ቤት እያለ ሃያ ዓመት የፈጀ ሰው «ዘገየህ» አይባልም፤ እንዲያውም ይከበራል። «ዲስሚሳል» የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው። (ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ በዛብህን ያስታውሳል። ወላጆቹ ልጅ አልበረክትላቸው ሲል ተሳሉ፣ ስለቱንም ልጁ በሕይወቱ እንዲከፍል ተደረገ። ያ ነገር የቀረ የሚመስለው ካለ የዛሬን ዶርም አላየም።)

ወደ አስኳላው እንምጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር ተማሪው በጣም ጥቂት ነበር። ምግቡም አልጋውም ከመንግሥት ነው። ቤተሰብ አንድ ሳንቲም አያወጣም፤ እንዲያውም ልጁን ለንጉሡ እንደሰጠ ነው የሚቆጥረው። በዚህ ጊዜ ነው ቀን ያለው ፈተና የመጣው። መጀመሪያ ማትሪክ፤ ማትሪክን ላለፈ ደግሞ የፍሬሽማን ዓመት። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ የመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙ ልጅ ያራግፍ ነበር። ለነዚህ ልጆች የወጣው ስም «ክሪስማስ ግራጁዌት» ነው፤ ገና ሲመጣ የተመረቀ እንደማለት። ተማሪ በራሱ ቁስል ላይ ሲቀልድ እንዲህ ነው። ቀልዱን የሚቀልደው ግን የቀረው ነው። የተባረረው ልጅ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተራ ቆሟል፤ አገር ቤት ሲገባ ለመንደሩ ምን እንደሚል እያሰበ።

ደብዳቤ የተጀመረውም ያኔ ነው። በሉክ ወረቀት ላይ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፦ ለውድ ወላጆቼ፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ብቻ ነው የተፈቀደው በሽታ። ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም፣ ዲ ያመጣበት ሒሳብ፣ እነዚህ በደብዳቤ አይጻፉም። የሚያነበውም እኮ አባትየው ሳይሆን የመንደሩ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ በአደባባይ ጮክ ብሎ ነው የሚነበበው። ደብዳቤው ሳምንታት ስለሚፈጅ ግን አንድ በጎ ነገር ነበረው። ሐሰቱ እስኪደርስ እውነት ይሆናል፤ ልጁ ድኗል። ከቤት የሚመጣውም ጠብ ወደ እሱ እስኪደርስ ሽማግሌ ገብቶበታል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ፈጥኜ ልለፋቸው፤ ብዙ ተጽፎባቸዋል። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጣ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ 60 ሺህ የሚሆን ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ገባ። ቀይ ሽብር ሲመጣ የወላጅ ጥያቄ «ውጤትህ ስንት ነው» መሆኑ ቀረ፤ ማታ ቤት መግባቱ በቂ ነበር። «ደህና ነኝ» ማለት ያኔ በሕይወት አለሁ ማለት ነው።

የእኔ ዘመን የስልክ ቤት ዘመን ነው፤ 1990ዎቹ አጋማሽ። እሑድ ከሰዓት ወረፋ ይዘን ለጎረቤት እንደውላለን፤ «እማዬን ጥሩልኝ» ብለን እንዘጋለን፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና እንደውላለን። እናቴ እየሮጠች መጥታ ትንፋሿ ሳይመለስ «ደህና ነህ?» ትላለች። ቆጣሪው ይሮጣል። በዚያ ሰዓት «ጨጓራዬ እያስመለሰኝ ነው፣ ሁለት ሚድ አልተፈተንኩም» ብሎ የሚጀምር ማነው? «ደህና ነኝ» አልኩ። በዚያ ሴሚስተር ዋርኒንግ ገባሁ። ያን ዓመት አባቴ ለእኔ ልብስና የመንገድ ብሎ አንድ በሬ ሸጧል፤ ሌላኛውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው ያረሰው። ስለዚህ ዋርኒንጉን አልተናገርኩም። የተናገርኩት ከተመረቅኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም በፋሲካ፣ ጠላ ሞቅ ካደረገን በኋላ። አባቴ ምንም አላለም። ትንሽ ቆይቶ «በሬውን እኮ አርጅቶ ነበር የሸጥኩት» አለኝ።

በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሲመጣ ነገሩ አንድ ደረጃ ተቀየረ። ተማሪው ለምግቡና ለመኝታው በኋላ እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ። በወረቀት ባለዕዳነቱ ለመንግሥት ነው፤ በልቡ ግን ለቤተሰቡ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዙ፤ በእኔ ዕድሜ በጣት ከሚቆጠሩት ተነስተው ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ምደባው ግን ልጁን ከቤቱ ያርቀዋል።

አርቆ ግን አያርቀውም። ዋናው ለውጥ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪ ከቤት ሲወጣ ወጣ። የ1950ዎቹ ተማሪ በደብዳቤ ርቀት ላይ ነበር። የእኔ ቢጤ በሳምንት አንዴ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ልጅ ይሆን ነበር፤ የቀረውን ሰዓት ተማሪ ነው። የዛሬዋ ልጅ ስልኳ ትራሷ ስር ነው። የእናትና የአባት ኩርፊያ፣ የወንድም የሥራ ማጣት፣ የሪያዷ እህት ለቅሶ፣ ሁሉም በዚያው ምሽት ዶርም ይገባል። እሷ የምትመልሰው ግን ያንኑ የድሮ ደብዳቤ ነው። ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው ሁሉ እውነት፤ ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው «ደህና ነኝ» ብቻ።

በዚህ ላይ ፈተናው ከበደ። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ተማሪ ነው፤ 3.3 በመቶ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ተሰጠ፤ ያለፈው ከ40 በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም፤ ኩረጃው የት አድርሶን እንደነበር እናውቃለን፤ በ2008 ዓ.ም. ማትሪኩ ተሰርቆ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ደርሰን ነበር። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ውጤት በወጣ ቁጥር «እኛ በኩራዝ ተምረን...» እያሉ የዛሬውን ልጅ በስንፍና የሚወቅሱ ሰዎች። ኩራዙን አውቀዋለሁ፣ አጥንቼበታለሁ። ኩራዝ ግን ማታ አራት ሰዓት ላይ ደውሎ «አባትሽ የሠራኝን ስሚ» አይልም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ የመውጫ ፈተና የወደቀ እንደገና መቀመጥ ይችላል። በዚህ ከቅኔ ቤቱ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገም ታቀርባለህ። ታዲያ ልጆቹ ለምን የመጨረሻ ቀናቸው ይመስል ይንቀጠቀጣሉ? ቀኑን የቆረጠው ትምህርት ሚኒስቴር ብቻ ስላልሆነ ነው። በጉ ታስሯል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ባነር ላይ ሊታተም ነው፤ የሪያዷ እህት ትኬት እየጠየቀች ነው። ዩኒቨርሲቲው «በሚቀጥለው ዙር ተመለሽ» ቢላት በጉን ማን ይመልሰዋል?

ለአጎቴ ልጅ የነገርኳት ይህንን ሁሉ ታሪክ አይደለም። አንድ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፤ ሁለት ደግሞ ሳይረፍድ ሬጅስትራር ሄዳ እንድትጠይቅ ነው የነገርኳት። በሕመም ምክንያት ትምህርት አቋርጦ መመለስ የሚቻልበት ደንብ አለ፤ የሐኪም ወረቀት ይዞ፣ ፋይናል ከመድረሱ በፊት። ብዙ ልጅ የሚሄደው ውጤቱ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን የሚያይለት የለም። በእኔ ጊዜም ይህ ደንብ ነበር። ያወቅኩት ግን ዋርኒንጉን ከበላሁ በኋላ ነው።

ከእናቷ ጋር ስለመነጋገሩ ምንም አላልኳትም። ምን ብዬ? እኔ ለራሴ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ትናንት ጻፈችልኝ። ነግራታለች። እናትየው መጀመሪያ ዝም አለች አሉ፤ ከዚያ ስለ ፈተናውም ስለ ምርቃቱም ምንም ሳትጠይቅ «እስቲ ያንን ሻርፕ አውልቂና በቪዲዮ ደውይልኝ፣ አንገትሽን ልየው» አለቻት። አይታ ካለቀሰች በኋላ በሶ እልካለሁ ብላለች፤ የምትልክበትን መኪና እያፈላለጉ ነው። ለአባቷ ገና አልተነገረም። የሪያዷም አልሰማችም። የመውጫ ፈተናውን አሁን ልፈተን ወይስ ወደሚቀጥለው ዙር ላስተላልፈው እያለች ገና እያሰበች ነው።