ክንፍና ነዳጅ

የካራን ዳገት በእግሬ ስወጣ የአየሩን መሳሳት ትንፋሼ ይነግረኛል። በሰው እጅ ለተሠራች ትንሽ አውሮፕላንም ፈተናው ይኸው ነው፤ በክንፏ የሚጨመር እያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን መንገዷን ያረዝማል፤ ነገር ግን ከ700 ግራም በላይ ይመዝናልና ከመሬት መነሣቷን ያከብዳል።

በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» ይህን ከፍታ አሸንፋ በረረች። ጣሊያን ማርኮ ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ደስ አለን።

አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ግን 570 ቀን የደከሙባትን፣ የእናታቸውን የኪሮስን መነሻ ፊደል በስሟ ያኖሩላትን «ኬ-570ኤ» በ2007 ዓ.ም. ለማስነሣት ሞክረው አልሆነላቸውም። የባንክ ሰው ነኝና ኪሳራ መመዝገብ አውቃለሁ፤ ያንን 570 ቀን ግን በኪሳራ ዓምድ ልጽፈው እጄ አይታዘዝልኝም። ሩቅ የምትበር ክንፍ ከእንዲህ ያለ ሙከራ በቀር ከየት ትመጣለች?