አዲስ ዕቃና አዲስ ስም፤ ከባሮ ወደብ እስከ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን «አውሮፕላን» የሚለውን ስም አንድ ጊዜ ሰማ እንበል። በማግሥቱ በመጽሐፍ የተሳለውንም፣ ከጭቃ የተሠራውንም በዚያው ስም ይጠራል። የተሳለው አይበርም፤ የጭቃውም ሞተር የለውም። ታዲያ ሕፃኑ በምን አንድ አደረጋቸው?

ይህን ጥያቄ በሙከራ ከመረመሩት መካከል ባርባራ ላንዶ፣ ሊንዳ ስሚዝና ሱዛን ጆንስ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጥናት፣ እንደ ፈረስ ኮቴ የጎበጠች ትንሽ እንጨት ለልጆች አሳይተው «ይህ ዳክስ ነው» አሏቸው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጆችም መጠኑ ቢገዝፍ፣ የተሠራበት ነገር ቢለወጥ፣ ቅርጹ ያንኑ የመሰለውን ሁሉ «ዳክስ» አሉት። ስም ሳይነገራቸው «ይህን የሚመስለው የትኛው ነው?» ሲባሉ ግን የቅርጽ ጉልበት ቀነሰ። ዓይናቸውን ወደ ቅርጽ የመራው ስሙ ነበር ማለት ነው።

የአዋቂዎች ስም አወጣጥ ግን ሌላ መንገድም አለው፤ ጋምቤላም ለዚህ ምስክር ናት። ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ዐረቡ እንዲህ ያለውን መርከብ «ባቡር» ይለዋል፤ የቃሉ መነሻ በአውሮፓ ቋንቋዎች «እንፋሎት» ማለት ነው። በአማርኛ ግን ስሙ ውሃውን ትቶ በየብስ ሄደ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመድረሱ አስቀድሞ፣ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው ያለ ሐዲድ የሚሄድ የእንፋሎት ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። ኋላም በአንዳንድ አካባቢ በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮ ሳይቀር «ባቡር» ሆነ። ወፍጮና መርከብ በቅርጽ ከቶ አይገናኙም፤ ያገናኛቸው ኃይሉና ጩኸቱ ነው። (መሐንዲስ ቢመድባቸውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።)

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ «ንስረ ተፈሪ» ተሰኘ። ክንፍ ያለው በባለ ክንፍ ተሰየመ፤ ይሁንና የክብር ስም ነበርና የጋራ መጠሪያ አልሆነም። ሕዝቡ የያዘው ከውጭ የመጣውን ቃል ነው።

የማረፊያው ሕፃን የአኙዋክ ወይም የኑዌር ልጅ ከሆነ ደግሞ ለአንዱ ዕቃ ሁለትና ሦስት ስም ይሰማል። ኤለን ማርክማን እንዳሳዩት፣ ትንሽ ልጅ ስሙን ላወቀው ዕቃ ሁለተኛ ስም ለመቀበል ያመነታል፤ አዲሱን ቃል ስም ላልተሰጠው ነገር ያደርገዋል። በሁለት ቋንቋ በሚያድጉ ልጆች ዘንድ ይህ ልማድ እንደሚላላ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ስለሆነም ሥዕሉን አይቶ በእናቱ ቋንቋ የጠራው ልጅ በክፍል መዝገብ «አላወቀም» ተብሎ ቢጻፍበት፣ የተሳሳተው መዝጋቢው ነው።