ድንበር ተሻግሮ የገዳም ቢራ ለመግዛት፦ ቀጠሮ፣ ሰነድ፣ ሕግና አሽከርካሪ

ከሰሜን ፈረንሳይዋ የሊል ከተማ በመኪና የተነሣ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ድንበሩን ይሻገርና፣ የሆፕ ማሳ ወደከበባት የቤልጅየሟ ፖፐሪንገ ይደርሳል። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ፣ በጠባብ የገጠር መንገድ ዳር፣ የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም ይገኛል። በዚህ ገዳም የሚጠመቀው «ቬስትፍሌተረን 12» የተባለው ጠቆር ያለ ቢራ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የቢራ አፍቃሪዎች ድረ ገጽ የዓለም ምርጥ ተብሎ ከተሰየመ ወዲህ፣ ከፈረንሳይ፣ ከሆላንድ፣ ከጀርመንና ከብሪታንያ ወደ ገዳሙ በር የሚያቀናው መኪና ብዙ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ግን አይጠፉም። የሚጎድላቸው ገንዘብ ሳይሆን ቀጠሮ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የገዳሙን ታሪክ ማወቅ ያሻል። ገዳሙ ራሱ የድንበር ተሻጋሪዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ከፈረንሳይ በኩል ካለው የሞን ደ ካ ኮረብታ የመጡ የትራፒስት መነኮሳት በጫካው ውስጥ ብቻውን ይኖር ከነበረ ባሕታዊ ጋር ተቀላቅለው መሠረቱት። በዚያው ዐሥርተ ዓመት መጨረሻም ጠመቃ ጀመሩ። ትራፒስቶች በጸሎት፣ በዝምታና በእጅ ሥራ የሚኖሩ የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው፤ አንዳንዱ ገዳም አይብ፣ አንዳንዱ ዳቦ፣ አንዳንዱ ቢራ እየሠራ ይተዳደራል። ጠላ ለዝክርና ለማኅበር ሲጠመቅ እያየ ላደገ ኢትዮጵያዊ የገዳምና የመጠጥ መገናኘት እንግዳ አይሆንበትም።

እ.ኤ.አ. በ1946 የገዳሙ አበምኔት ጠመቃው የመነኮሳቱን ሕይወት እየዋጠው መሆኑን አይተው ምርቱ እንዲቀነስ ወሰኑ። ቢራው በገዳሙ በርና በአቅራቢያው ባለ መጠጥ ቤት ብቻ እንዲሸጥ ሆነ፤ ለሰፊው ገበያ የሚጠመቀው ደግሞ በፈቃድ ለአጎራባቿ የቫቱ መንደር ጠማቂ፣ ለሲንት ቤርናርዱስ፣ ተሰጠ። ያ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1992 አብቅቷል። መነኮሳቱ ግን ዛሬም ከመርሐቸው አልተናወጡም፤ ለኑሯቸው የሚበቃውን ያህል ይጠምቃሉ እንጂ ፈላጊ በዛ ብለው ምርት አይጨምሩም። የሽያጩ ደንብ ሁሉ የተቀዳው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ከመኪናው ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ገዢው ወደ ገዳሙ ስልክ እየደወለ መስመሩ እስኪከፈት ይጠብቅ ነበር። ከ2019 ወዲህ ሽያጩ በገዳሙ ድረ ገጽ በኩል ሆኗል። ገዢው አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ሽያጭ በሚከፈትበት ዕለትና ሰዓት ወረፋ ይይዛል፤ ከቀናውም የመረከቢያ ቀንና ሰዓት ይመርጣል፤ የመኪናውንም የሰሌዳ ቁጥር ያስመዘግባል። በቅርቡ የገዛ ሰው ለረጅም ጊዜ ላልገዛው ቅድሚያ ይለቃል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው የሣጥን ብዛት ከሽያጭ ሽያጭ ሊለያይ ስለሚችል፣ ያለፈው ዓመት ልምድ ለዘንድሮው ዋስትና አይሆንም። ከሁሉ በላይ ገዢው የሚገባው ቃል አለ፤ ይኸውም ቢራውን መልሶ አለመሸጥ ነው። በየከተማው ሱቅ በብዙ እጥፍ ዋጋ ተደርድሮ የሚታየው ጠርሙስ ይህ ቃል የፈረሰበት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጠርሙስ የሚገዛ ሰውም የመነኮሳቱን ሥርዓት ለማፍረስ ዋጋ እየከፈለ መሆኑን ቢያስብ ይበጃል።

ቀጠሮ ያላገኘ መንገደኛ ጉዞውን መሰረዝ አይኖርበትም። ከገዳሙ ፊት ለፊት «ኢን ደ ቭሬደ» የሚባል የገዳሙ ቡና ቤት አለ። በዚያ ሦስቱም ቢራዎች በብርጭቆ ይቀርባሉ፦ የአልኮል መጠኑ 5.8 በመቶ የሆነው ቀላ ያለ ቢጫ፣ 8 በመቶ የያዘው «8» እና 10.2 በመቶ የያዘው «12»። አጠገቡ ባለው መሸጫ ጥቂት ጠርሙስ የሚገኝበት ቀንም አለ። ቤቱ በሳምንት ውስጥ የሚዘጋባቸው ቀናትና በዓመት ውስጥ የሚያርፍባቸው ሳምንታት ስላሉት፣ ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ግድ ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ «12»ን የሚያሳድድ ሰው «8»ን ሳይቀምስ ቢመለስ ይቆጨዋል፤ ለምግብ የሚስማማው፣ ሁለተኛ ብርጭቆ የሚያስመኘውም እሱ ነው። የሲንት ቤርናርዱስ «አብት 12» ደግሞ የዚያው ቤተሰብ ዘመድ ሲሆን፣ በቤልጅየም ተራ ሱቅ ያለ ቀጠሮ ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ቀምሶ የዝናውን ግማሽ ከቢራው፣ ግማሹን ከወረፋው የመጣ ነው የሚል ቀማሽ ቢኖር ፈጽሞ ተሳስቷል አይባልም።

በዚሁ አካባቢ የቆየ ሰው የፖፐሪንገን የሆፕ ሙዚየም ሳያይ ማለፍ የለበትም። ሆፕ ረጃጅም ምሰሶና ሽቦ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ አበባው ለቢራ ምሬትና መዓዛ ይሰጠዋል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቀዋል። ጌሾ በጠላ ውስጥ ያለውን ቦታ ይመስላል ቢባል ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ጉዞው ከአንድ ቀን በላይ ከሆነ ቀጣዩ መዳረሻ ብራስልስ ነው። ከለንደን፣ ከፓሪስና ከአምስተርዳም የሚመጣው ፈጣን ባቡር በሚቆምበት የሚዲ ጣቢያ የወረደ መንገደኛ፣ በአንደርሌክት የሚገኘውን የካንቲዮን መጥመቂያ በእግሩ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተው ይህ የቤተሰብ መጥመቂያ ከ1978 ጀምሮ ሙዚየምም ነው። የሚጠመቀው ላምቢክ የሚባለው ቢራ እርሾ አይጨመርበትም። የተፈላው የብቅል ውሃ ከጣሪያው ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመዳብ ገንዳ ውስጥ ያድራል፤ በመስኮቶቹ የሚገባው የሌሊት አየርም ተፈጥሯዊውን እርሾ ይዞለት ይመጣል። ጠመቃው በቀዝቃዛ ወራት ብቻ የሚከናወነው በበጋ ሙቀት የማይፈለጉ ተሕዋስያን ስለሚበዙ ነው። ከዚያም በእንጨት በርሜል እስከ ሦስት ዓመት ይቀመጣል፤ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተቀላቅሎ ገዝ የተባለው አረፋማ ቢራ ይሆናል። የጠላ እናቶችም እርሾ ከሱቅ አይገዙም፤ ከጌሾው፣ ከጋኑና ከአየሩ ያገኙታል። የብራስልሱን ጣሪያ ያየ ኢትዮጵያዊ የእናቱን ጓዳ ማስታወሱ ስለዚህ ነው። ጣዕሙ ግን ሆምጠጥ ያለና የደረቀ ነው፤ ለስላሳ ቢራ የለመደ ምላስ የመጀመሪያውን ጉንጭ ሊገፋው ይችላል፤ ሦስተኛው ላይ መፍረድ ይሻላል። በራሱ መኪና ወደ ብራስልስ የሚገባ የውጭ አገር ታርጋ ያለው አሽከርካሪ፣ ከተማዋ የመኪና ጭስን ለመቀነስ የከለለችውን ክልል ሕግ አስቀድሞ ተመልክቶ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ ቅጣቱ እቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ከደቡብ፣ ከፈረንሳይ ወይም ከሉክሰምበርግ በኩል ለሚመጣ ደግሞ የኦርቫል ገዳም ይቀርበዋል። የኦርቫል ቢራ መለያ አፉ ላይ ቀለበት የያዘ ዓሣ ነው፤ ቀለበቷ ምንጭ ውስጥ ወድቃባት ዓሣ ያወጣላትን የማቲልዳን አፈ ታሪክ ያስታውሳል። ይህ ቢራ በሱቅም በቀላሉ ስለሚገኝ ለእሱ ሲባል ብቻ ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም፤ የድሮው ገዳም ፍርስራሽ ግን መንገዱን ያስከፍላል።

ቢራው ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ስንት ሣጥን መሻገር ይቻላል የሚለው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ለግል ፍጆታ የተገዛና ግብሩ በተገዛበት አገር የተከፈለ ቢራ ዳግመኛ አይቀረጥም። የኅብረቱ ሕግ ለግል ፍጆታና ለንግድ መለያ መነሻ አድርጎ የሚጠቅሰው 110 ሊትር ቢራ ነው። እያንዳንዱ 33 ሴንቲ ሊትር የሆኑ 24 ጠርሙሶች ያሉት ሣጥን ወደ 8 ሊትር ስለሚጠጋ፣ መጠኑ 13 ሣጥን ገደማ ይሆናል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ከጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ አንድ አዋቂ መንገደኛ ያለ ቀረጥ የሚያስገባው 42 ሊትር፣ ማለትም አምስት ሣጥን ነው። ከዚያ ያለፈ በጉምሩክ መታወቅ አለበት።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙዎችን የሚያሳስተው «ለግል ፍጆታ» የሚለው ሐረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የተመለከተው አንድ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። አንድ ሆላንዳዊ ለራሱና ወይን ለሚወዱ ጓደኞቹ ከፈረንሳይ ወይን አዘዘ፤ በማጓጓዣ ድርጅት አስመጣና ለእያንዳንዳቸው በዋጋው ብቻ አከፋፈለ። ሳንቲም አላተረፈም። ፍርድ ቤቱ ግን ነጻ የሚሆነው ሰው ለራሱ ገዝቶ ራሱ ይዞት የሚሻገረው ብቻ ነው በማለት፣ ግብሩ በሆላንድ እንዲከፈል ወሰነ። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለማኅበር መዋጮ ሰብስበው አንዱን «አንተ ሂድና አምጣልን» ብለው ሲልኩ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የአሥር ሰው ገንዘብ ይዞ የሄደ መልእክተኛ ያላተረፈ ቢሆንም፣ በሕግ ዓይን የአሥር ሰው ግዢ የጫነ ነው። የፈለጉት አብረው ሄደው የየድርሻቸውን ቢይዙ ግን ችግር የለውም፤ ለጉዞውም ያምራል።

ሁለተኛው የድንበር ጉዳይ ቢራው ሳይሆን ተጓዡ ራሱ ነው። የሸንገን አባል አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱ ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነዱ የጸና እስከሆነ ድረስ በሌሎቹ አባል አገሮች በየ180 ቀኑ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ላለ ሰው ግን ይህ መብት በአጠቃላይ የለም። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ሆላንድ የውስጥ ድንበር ቁጥጥር መልሰው ስለጀመሩ፣ መንገዱ ክፍት ይመስላል ብሎ ሰነድን እቤት መተው አደገኛ ነው፤ በአንድ የሣጥን ቢራ ምክንያት የዓመታት ሂደትን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብሪታንያ የሚኖር ሰው ወደ ቤልጅየም ለመሻገር የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ልጆቹን ለመጠየቅ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የመጣ ወላጅም ከሸንገን ክልል ወደ ለንደን ብቅ ካለ በዚያው ቪዛ መመለስ አይችልም።

ቢራውን በአውሮፕላን ይዞ ለመሄድ ያሰበ በእጅ ሻንጣ እንደማይገባ ያውቃል። በሚጫነው ሻንጣም ቢሆን የመዳረሻውንና የመሸጋገሪያውን አገር ሕግ ማየት አለበት፤ ለምሳሌ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ሳውዲ ዓረቢያ መንገደኛ አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ነው።

አሽከርካሪው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመነሣት በፊት መመለስ አለበት። በቤልጅየም፣ በፈረንሳይ፣ በሆላንድና በጀርመን አጠቃላዩ ወሰን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ያልቆየ አሽከርካሪ በፈረንሳይና በሆላንድ ወሰኑ 0.2 ሲሆንበት፣ በጀርመን ጨርሶ አይፈቀድለትም። አንድ ጠርሙስ «12» በውስጡ ያለው አልኮል ከሁለት ጠርሙስ ተራ ቢራ ጋር እኩል መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው መልስ እዚህ አይሠራም። መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው፦ የማይጠጣ አሽከርካሪ መያዝ፣ በፖፐሪንገ ማደር፣ ወይም ሣጥኑን ተረክቦ ቡሽና ቆርኪ ሳይነኩ ቤት መግባት። መግዛት ሳይሆን መቅመስ ብቻ የሚሻ ሰው በኮርትራይክ በኩል በባቡር እስከ ፖፐሪንገ መምጣት ይችላል፤ መስመሩ እዚያው ያበቃል፣ አገሩም ሜዳ ስለሆነ ቀሪው መንገድ ለብስክሌት አይከብድም። በቤልጅየም ቢራ ለመግዛት 16 ዓመት የሚበቃ ሲሆን በፈረንሳይና በሆላንድ 18 መሙላት ያስፈልጋል።

ከገዳሙ የሚወጣው የእንጨት ሣጥንና ጠርሙሶቹ ማስያዣ ይከፈልባቸዋል። ገንዘቡ የሚመለሰው ባዶው ሲመለስ ስለሆነ፣ ደግሞ የመምጣት ሐሳብ ያለው ሰው ሣጥኑን ለአበባ መትከያ ባያውለው ይመረጣል።

ቤት የደረሰው ቢራ ወዲያው አይከፈትም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው እርሾ በመንገዱ ንቅናቄ ስለሚደፈርስ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ለጥቂት ቀናት ቆሞ ማረፍ አለበት። «12» በዚህ አኳኋን ለዓመታት ይቆያል፤ ጣዕሙም እየለዘበ ይሄዳል። ሲቀዳም እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሳይሆን እንደ ምድር ቤት ብርዱ ጋብ ብሎ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ብርጭቆ ዘንበል ተደርጎ በቀስታ ይቀዳል፤ የጠርሙሱ ሥር አተላ ሲቃረብ ይቆማል። የቀረውን በትንሽ ብርጭቆ ለብቻው የሚጠጡ አሉ፤ ቤልጅየማውያንም በዚህ አይስማሙም።