ልጓሙ ሲላላ፦ የዲናኮ ስቴሪዮ 70 ጥገና እና የቫኪዩም ቱቦ ዘመን

የዲናኮ ስቴሪዮ 70 አምፕሊፋየርን ወንፊት መሰል የብረት ክዳን ሲያነሡት ሰባት የመስታወት ቱቦዎችና ሦስት ከባድ ትራንስፎርመሮች ይታያሉ። ገልብጠው የሥሩን ክዳን ሲፈቱት ደግሞ ከ60 ዓመት በፊት በእጅ አንድ በአንድ የተበየዱ ሽቦዎች ያገኛሉ። ብዙውን ጊዜ የበየዳቸው የፋብሪካ ሠራተኛ ሳይሆን ዕቃውን የገዛው ሰው ራሱ ነው። መሣሪያው በ1959 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፊላዴልፊያው የዴቪድ ሃፍለር ኩባንያ ሲወጣ፣ ተበታትኖ በሳጥን ይሸጥ ነበር። ገዢው መመሪያውን እያነበበ በቤቱ ይገጣጥመዋል። ዛሬም ድረስ የሚጠገነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ገና ሲታሰብ ጀምሮ ባለቤቱ እንዲከፍተው የተሠራ ነው።

ቱቦው ራሱ ግን ከዚህ ቀድሞ ብዙ መንገድ ተጉዟል። በ1904 እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ አየር በተመጠጠለት መስታወት ውስጥ የጋለ ሽቦና የብረት ሰሌዳ አስገብቶ የሬዲዮ ሞገድ መለየት ቻለ። በ1906 አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በሁለቱ መካከል ሦስተኛ አካል ጨመረ፤ ይህም ግሪድ የሚባለው ነው። ማጉላት የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ግሪዱን የመስኖ በር አድርገው ያስቡት። በሩን ገርበብ ወይም ዘጋ ለማድረግ የሕፃን ጉልበት ይበቃል፤ በበሩ የሚያልፈው ውኃ ግን ማሳ ሙሉ ያጠጣል። ከማይክሮፎን ወይም ከሸክላ ማጫወቻ የሚመጣው ደካማ ምልክት በሩን ያንቀሳቅሳል፣ ብርቱው የኤሌክትሮን ጎርፍ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ያናውጣል። በ1915 ኒውዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ በስልክ የተነጋገሩት በዚሁ ብልሃት ነው።

በ1947 ዊሊያምሰን የተባለ መሐንዲስ የሠራው የአምፕሊፋየር ንድፍ ዋየርለስ ወርልድ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ወጣ፤ በየቤቱ መበየጃ የያዘ ሁሉ ይሠራው ጀመር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ትራንዚስተር ተፈጠረ። ቱቦው ገና ወደ ከፍታው እየወጣ ሳለ ወራሹ ተወልዶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጥገናው ልመለስ፤ ፍቅሬ ያለው እዚያ ነው።

አራቱ ትልልቅ ኢኤል 34 ቱቦዎች ያለ ልጓም የማይያዙ ፈረሶች ናቸው። ልጓሙ ግሪዱ ላይ የሚሰጠው ኔጌቲቭ ቮልት ነው። ይህን ቮልት የምታዘጋጀው አንዲት ትንሽ የሴሌኒየም ሬክቲፋየር ስትሆን፣ ሁለት ካፓሲተሮች ያግዟታል። እነዚህ ሲያረጁ ልጓሙ ይላላል፣ ቱቦዎቹ ከመጠን በላይ ከረንት ይስባሉ፣ በውስጣቸው ያለው ሰሌዳም እንደ ፍም ይቀላል። ያኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ባለቤት ዋናውን ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ አራቱም ከቀሉ ጥርጣሬው በልጓሙ ምንጭ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ከቀላ ግን መሣሪያውን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩት። ሕመሙ ቱቦውን ተከትሎ ከሄደ ቱቦው ሞቷል፤ ከቦታው ካልተነቃነቀ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቮልት የሚያሾልክ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው።

ልጓሙ ልክ መሆኑ የሚለካው ከፊት ባለው ሶኬት ላይ ነው፤ ቴስተሩ 1.56 ቮልት ማሳየት አለበት። ይህ በ15.6 ኦም ሬዚስተር ላይ ሲሰላ ለሁለት ቱቦ 100 ሚሊአምፔር ይሆናል። ቁጥሩ ለምን 1.56 ሆነ? የአዲስ ባትሪ ድንጋይ ቮልት ከዚሁ ጋር ስለሚገጥም ነው። ርካሽ ቴስተር ያለው ሰው መጀመሪያ አዲስ ድንጋይ ለክቶ መርፌው የት እንደቆመ ያያል፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩን እዚያው ላይ ያስተካክላል። ለማያውቀው ባለቤት እንዲህ የተጨነቀ መሐንዲስ እጁ ይባረክ!

የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ አራት ክፍል ያለው፣ 525 ቮልት የሚችለው ትልቁ ካፓሲተር ደርቆ ይሆናል። መንጫጫት ከሆነ ቱቦዎቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርገው ያንኳኳቸው፤ የታመመው ራሱ ይናገራል። እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ግን ይጠንቀቁ። ከ400 ቮልት በላይ የሆነ ኃይል መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። በሬዚስተር አፍስሰው፣ በቴስተር አረጋግጠው ነው የሚነካው።

የአሜሪካው አርሲኤ በ1976 ቱቦ መሥራት አቆመ። ኢኤል 34 ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ይመረታል፤ ትንሹ የ7199 ቱቦ ግን ብርቅ ሆኗል፣ ጠጋኞችም 6ጂኤች8ኤ የተባለውን በመሸጋገሪያ ይተኩበታል። አንዳንዱ ይህን እንደ ድፍረት ያየዋል። እኔ አልስማማም፤ የዚህ መሣሪያ ነፍስ ትራንስፎርመሮቹ ናቸው፣ ሌላው ሲያልቅ የሚተካ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ከዘመድ ቤት ካገኙ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብለው በቀጥታ አይሰኩት። ለአሜሪካ ገበያ የወጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የአዲስ አበባው 220 በአፍታ ይፈጀዋል። ቮልቱን በትራንስፎርመር ካወረዱ በኋላ በመስመሩ ላይ ተራ የ100 ዋት፣ የ120 ቮልት አምፖል በተከታታይ ያስገቡ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ወዲያውኑ ይንቀሉት።