የሐይቁ መምህርና ልጆቻቸው

ከደሴ በስተሰሜን ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከየብስ ጋራ ቢገናኝም ቀድሞ ደሴት ነበረ። አባ ኢየሱስ ሞአ ወደዚህ ስፍራ የመጡት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1248 ገደማ ነው። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ተምረው ነበርና በሐይቅ ትምህርት ቤት አቋቁመው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1293 ገደማ አስተማሩ። ደመወዝ ግን አልነበረም፤ መምህሩንም ተማሪውንም የሚመግበው የገበሬው እህል ነው።

መነኩሴ ሚስትና ልጅ የለውም። ሆኖም የእኒህ መምህር ቤተ ሰብ ሰፊ ነው፤ በገዳም ሥርዓት ቆብና አስኬማ የሰጠ አባት፣ የተቀበለ ልጅ ይባላልና። ከደቀ መዛሙርታቸው አባ ሒሩተ አምላክ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ።

በኋላ ግን የልጅነቱ ነገር ክርክር አስነሣ። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት፣ ተክለ ሃይማኖት ከዳሞ አስኬማ ተቀብለው ሲመለሱ ለቀድሞ መምህራቸው ለኢየሱስ ሞአ ሰጡ ይላል። እንዲህ ከሆነ ልጁ ለአባቱ አባት ሆነ ማለት ነው! የሐይቅ መነኮሳት ይህን አልተቀበሉትም፤ ነገሩም ከርስት ሙግት የሚያንስ አልነበረም፤ ቅድምናው የአባትየው ገዳም ነውና። በእኛ አስተያየት ግን ፊደልና መጽሐፍ ያስተማረ ሰው አባትነቱ በአስኬማ ተራ አይሻርም።

መምህሩ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል፣ የራሳቸው ሥዕል ያለበት፣ በዚያው በሐይቅ ተጠብቆ ቆይቷል።