ከቻርልስተን ተራራ የሚወርደው ጎርፍ

በላስ ቬጋስ ሰሜን ምዕራብ ያለው ሴንቴኒያል ሂልስ የበረሃ ሰፈር ነው። ከተማው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያም ቢሆን በአቅራቢያው ባለው የቻርልስተን ተራራ ላይ የሚወርደው ዶፍ በደረቁ መሬት ላይ ሳይሰርግ ቁልቁል ይሮጣል።

ጁላይ 3 ቀን 1975 ጎርፍ በላስ ቬጋስ ያለውን የሲዛርስ ፓላስ ሆቴል መኪና ማቆሚያ አጥለቅልቆ መኪኖችን ጠራርጓል፤ ሁለት ሰዎችም ሞተዋል። ትምህርቱ ግን ዘገየ፦ ላስ ቬጋስ የሚገኝበት የክላርክ ካውንቲ የጎርፍ መከላከያ ተቋም የተመሠረተው በ1985 ነው። በቀጣዩ ዓመት ነዋሪዎች ከአንድ ዶላር ግዢ ሩብ ሳንቲም ታክስ ለመክፈል በድምፃቸው ወሰኑ። ይህ ውሳኔ ሊመሰገን ይገባል።

በገንዘቡ ትልልቅ የጎርፍ ማቆያ ገንዳዎችና የኮንክሪት ቦዮች ተሠሩ። ገንዳው ድንገተኛውን ውሃ ይይዝና በጠባብ መውጫ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፤ ቦዩም ወደ ሚድ ሐይቅ አቅጣጫ ይመራዋል።

በ2013 የተራራው ደን በእሳት ከጋየ በኋላ፣ ዝናቡ አመድና ጭቃ ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሰፈሮች ወረደ።